የጡብ ምድጃችን ማገዶ ፍለጋ እስከ አርጆ

ወለጋን አይቶ የተመለሰ ሰው ስለ ቡናውና ስለ ማሩ ያወራል። እኔ የማወራው ስለ ማገዶ ነው፤ የሄድኩትም ለእሱ ነበር። አዲስ አበባ ዳር ባለ አንድ የመንግሥት ጡብ ፋብሪካ የምድጃ ኃላፊ ነበርኩ። ጥሬው ጡብ እሳት ውስጥ ገብቶ ቀልቶ እስኪወጣ ድረስ ያለው ጣጣ ሁሉ የእኔ ነው። በዚያ በደርግ ዘመን ከተማችን በላይ በላዩ ይሠራባት ነበር። የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ የኅብረት ሱቅ፣ የሠራተኛ መኖሪያ፣ ሁሉም ጡብ ይላል። ሥራ አስኪያጃችን ከቢሮው መስኮት የምድጃውን ጭስ ሲያይ ፊቱ ይፈካል። «ጭስ ከሌለ ልማት የለም!» ይለናል። እኔም አምን ነበር።

ምድጃው ድሮ የሚነደው በናፍጣ ነው። ነዳጅ በኩፖን ሲሆን የእኛ ድርሻ ቀነሰ፤ ኋላም ጭራሽ ቀረና ወደ እንጨት ዞርን። መጀመሪያ ከሆለታ አመጣን። ሆለታ ሲያልቅ ከጊንጪ፣ ከዚያ ከጉደር፣ ባለፈው ዓመት ደግሞ ከባኮ። አሁን ተራው የአርጆ ሆነ፤ ከነቀምት በስተደቡብ ያለች ከተማ ናት። ናፍጣ ጠፍቶ እንጨት እናምጣ ብንል፣ እንጨቱን የሚያመጣ ናፍጣ ጠጪ መኪና ተመደበልን። ይህን ነገር ያኔ ልብ ያለው ሰው አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ።

የቀረን እንጨት ከሁለት ሳምንት አያልፍም ነበር። ምድጃው ከጠፋ ጡብ ተሸካሚዎቹ ሴቶች ይበተናሉ፤ የቀን ሠራተኞች ስለሆኑ ማንም አይቆጥራቸውም። ከእነሱ ትልቋ እትዬ ሐዋ ነበረች፣ በድርቁ ጊዜ ከወሎ ልጆቿን ይዛ የመጣች። የምሄድ ዕለት በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«አንተ ልጅ፣ እንጨት ይዘህ ነው የምትመጣ ወይስ እንደነዚያ ተስፋ ይዘህ?» አለችኝ ወደ ቢሮው እያየች።

«እንጨቱን ይዤ ነው የምመጣው፣ እትዬ» አልኳት። ሚስቴ ግትር ትለኛለች። ሳልይዝ እመለሳለሁ ብዬ አንዲት ደቂቃ አላሰብኩም።

የመጀመሪያው ቀን

ጥር ወር ነው። ማለዳ እንነሣለን ያልነው መንገደኞች የይለፍ ወረቀት ስናስመታ፣ ኩፖን ስናስፈርም ቀትር ሆነ። ሾፌሬ ጋሽ ታደሰ ይባላል፤ በዚያ መንገድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ሲነዳ ፀጉሩን ያሸበተ ሰው ነው፣ ሲናደድ ያፏጫል። ከከተማው ወጥተን ዳገቱ ላይ ስንደርስ ዞር ብዬ አየሁ። ከተማዋን የሸፈነው ጭስ ውስጥ የእኔ ምድጃ የትኛው እንደሆነ ለይቼ ለጋሽ ታደሰ አሳየሁት። ኮራሁ ብል ውሸት አይሆንም። እሱ ግን ፊቱን ከመንገዱ ሳያዞር «እዚያ ውስጥ ነው የምንተነፍሰው እንዴ?» አለ።

ጊንጪ ስንደርስ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ለካ ክሪኩን በጥድፊያ ፋብሪካ ረስተነዋል። አንድ ጤፍ የጫነ ሾፌር የራሱን ክሪክ አውጥቶ፣ ሸሚዙን አውልቆ፣ ከእኛ ጋር አቧራ ላይ ተንከባሎ ጎማውን ቀየረልን። ስሙን እንኳ ሳይነግረን ሄደ። አዲስ አበባ ቢሆን ክላክስ ነፍቶብን ያልፍ ነበር።

ጉደር ያደርነው በአንዲት ባልቴት ማደሪያ ነው። ሽሮው ጥሩ ነበር፣ አልጋው ንጹሕ። መታጠቢያ ውሃ ስንጠይቅ ግን ባልቴቷ በጣሳ ለፊታችን ብቻ የምትሆን አመጣች። እኔም ቧንቧ የለመደ የከተማ ሰው ነኝና አኮረፍኩ።

«ከጓሮዬ በላይ ምንጭ ነበረች» አለች ሳትቆጣ። «ጫካው ለጡብ ተብሎ ከተቆረጠ ወዲህ በበጋ ትደርቃለች። አሁን ከወንዝ ነው የምቀዳው። ይበቃችኋል ልጆቼ?»

ይበቃናል አልናት። ለጡብ ከቆረጡት አንዱ እኔ እንደሆንኩ አልነገርኳትም።

ሁለተኛው ቀን

ጌዶ ላይ ብርዱ ጣት ይቆርጣል፤ ቁልቁል ወርደን ባኮ ስንደርስ ደግሞ ሙቀቱ ምድጃ አፍ ላይ የቆምኩ አስመሰለኝ። ባለፈው ዓመት ከዚህ የጫንነው ግራር የነበረበት ሜዳ የታጨደ የበቆሎ እርሻ ሆኗል፣ ከዳር እስከ ዳር ጥላ የለም። ራዲያተሩ የፈላው እዚያ ነበር። እያበረድን፣ እየቆምን ሲሬ ገባን። ሲሬ የአውቶብስ መቆሚያ ናት፤ ሰው ይወርዳል፣ የተቀቀለ በቆሎ ይገዛል፣ ይሄዳል። እኛ ቀረን።

አንድ ገበሬ ውሃ በቅል ይዞ መጣ። እጄን ስዘረጋ ቅሉን ወደ ኋላ ሳበው። «አካም ጅርቱ? ኦዱ ጅራ?» አለ። ጋሽ ታደሰ ሳቀብኝና አስረዳኝ፤ ኦዱ ወሬ ማለት ነው፤ በዚያ አገር ሰው ከሰው ሲገናኝ ደህና ነህ ወይ ተባብሎ ብቻ አይላቀቅም፣ ከየት እንደመጣህ፣ ምን እንዳየህ፣ ለምን እንደምትሄድ አንድ ባንድ ይለዋወጣል። ወሬ ሳይሰጡ ውሃ መቀበል ነውር ነው። በእኛ ከተማ ጎረቤትህን ወዴት ነህ ብትለው ጆሮ ጠቢ ያደርግሃል። እኔም ደስ ብሎኝ ሁሉን ዘረገፍኩት፤ ከአዲስ አበባ ነን፣ የጡብ ምድጃ አለን፣ አርጆ ላይ ኮረብታ ሙሉ ጫካ ተፈቅዶልናል፣ ነገ ከነገ ወዲያ እንቆርጣለን። ገበሬው በጥሞና ሰማኝ። የሰማውን እንዲያውም ደገመልኝ፣ እንዳይሳሳት ነው መሰለኝ። ከዚያ ውሃውን ሰጠን።

ነቀምት ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ያረፍነው አቶ ሙደሲር በሚባል የጉራጌ ነጋዴ ሆቴል ነው። ፊት ለፊት ሱቅ፣ ከኋላ አምስት ክፍል። ከደንበኛው ጋር ኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር አማርኛ፣ ከሚስቱ ጋር የአገሩን ቋንቋ እያፈራረቀ ሦስት ሰው ሆኖ ያስተናግዳል። እሱም ወሬ ጠየቀኝ፤ እኔም እንደገና ዘረገፍኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ወለምታ መሆኑን ግን ገና አላወቅሁም።

ሦስተኛው ቀን

ቀኑን ሙሉ በክፍለ ሀገሩ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስጠብቅ ዋልኩ። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው። ኮሪደሩ ላይ የተቀመጥነው ሰዎች በመጨረሻ ዘመድ ሆንን። ምሳ ላይ አቶ ሙደሲር አንጮቴ አስቀርቦ ጠበቀኝ። ከመሬት የሚቆፈር ሥር ነው፤ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ይበላል። ድንች ነው ብዬ ስጀምር ድንች አፈረ። ሁለት ሳህን በላሁ።

ደብዳቤው ማምሻውን ተፈረመ። ኮረብታው ለፋብሪካችን ተፈቅዷል ይላል። ከሥሩ ግን አንዲት መስመር ነበረች፤ ማርና ሰም የመንግሥት ኮታ ስላለበት ንብ ያለበት ዛፍ እንዳይነካ። ይህቺን ለጋሽ ታደሰ አንብቤለት ሁለታችንም አለፍናት። በአንድ ኮረብታ ስንት ዛፍ ንብ ይኖረዋል? ሦስት? አራት?

አራተኛው ቀን

ከነቀምት ወደ አርጆ ያለው መንገድ ቀይ አፈር ነው። ከወረዳው አንድ ካድሬ ተሰጠን፤ ደብተር የያዘ፣ ልብሱ የተተኮሰ ወጣት። መንደሩ ስንደርስ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ጉተማ ተቀበሉን። ኦቦ እኛ አቶ እንደምንለው ነው። ረጅም፣ ጥርሳቸው የቀረ ጥቂት፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ደብዳቤውን ካድሬው ጮክ ብሎ አነበበላቸው።

«ኤዬ፣ ሰምተናል» አሉ። «ኮቱ፣ ና እንሂድ። ጫካው ያው።»

ጫካው ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሾላ፣ ሥሩ ቡና የተተከለበት ነበር። የመጀመሪያው ዋንዛ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ሁለተኛው ላይ ሁለት። ሾላው ላይ አራት። አንገቴ እስኪያመኝ አንጋጥጬ ሄድኩ፤ ቀፎ የሌለው አንድ ዛፍ አላገኘሁም። እጄ የሚያቅፈው ቀጭን ብሳና ላይ እንኳ አንድ ቀፎ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። አንዳንዱ አሮጌ፣ በጭስ የጠቆረ፤ ብዙው የተጠቀለለበት ሣር ገና አረንጓዴ ነው።

«ይህ ሁሉ መቼ ተሰቀለ?» አልኳቸው።

«ንብ ያለበት ዛፍ አይነካም አይደል የሚለው ወረቀቱ?» አሉ ኦቦ ጉተማ። «በእኛ ዘንድ ቀድሞም እንዲሁ ነው፣ ወንድሜ። ቀፎ የሰቀለ ሰው ዛፉ የእሱ ነው። አባቱም ቢሆን አይቆርጥበት።»

ደሜ ፈላ። እትዬ ሐዋ ፊቴ መጣች፤ ቃሌን አስታወስኩ። ለካድሬው «ተጫውተውብናል፤ ቀፎው ባዶ ነው» አልኩት። «ነገ በጠዋት እየወጣሁ አያለሁ። ባዶ የሆነውን አወርዳለሁ፣ ዛፉ ይቆረጣል።» ካድሬው ደስ አለው፤ ንብ ስለሚፈራ የሚወጣለት ሰው ማግኘቱ ነው ያስደሰተው።

በዚያ ምሽት የት እንዳደርኩ መናገር ያሳፍረኛል፤ ኦቦ ጉተማ ቤት። ዛፋቸውን ልቆርጥ የመጣሁትን እኔን ጥሩው ቦታ ላይ አስቀመጡኝ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ቡና ቀላ አቀረቡ፤ ቡናው ከነገለፈቱ በቅቤ የተጠበሰ፣ ለተከበረ እንግዳ የሚቀርብ ነው። እኛ ቤት እንግዳ ሲበላ ስለ መጣበት ጉዳይ ይጠየቃል፤ እነሱ ስለ ጫካው አንድ ቃል አላነሱብኝም። አዴ ጫልቱ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ኦቦ ጉተማ ስለ ምድጃው።

«ቀንና ማታ ይነዳል?»

«ቀንና ማታ።»

«ጭሱስ የት ይሄዳል?»

«ከከተማው በላይ ይቆማል፤ ነፋስ ሲመጣ ወደዚህም ሳይመጣ አይቀርም» ብዬ ቀለድኩ።

አልሳቁም። «እንጨታችንን ወስዳችሁ ጭሱን ትልኩልናላችሁ እንግዲህ» አሉ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ አንድ የእርሻ ነገር እንደሚያሰላ ሰው። ሌላ የቡና ፍሬ አንስቼ አፌ ውስጥ ጨመርኩ።

አምስተኛው ቀን

የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ስወጣ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዛፍ አያስፈራኝም። ትልቁን ሾላ መረጥኩ። ካድሬው ደብተሩን ይዞ ራቅ ብሎ ቡናው ውስጥ ቆመ። ኦቦ ጉተማና የመንደሩ ሰዎች ከሥር ሆኑ።

ቀፎው ጋ ደርሼ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ምንም። በቀዳዳው አየሁ። ንብ የሚስብ ቅጠል ታጥኖበት ደስ የሚል ሽታ አለው፤ ነዋሪዋ ግን አንዲት ሸረሪት ብቻ ናት። ሁለተኛውም ባዶ። ልክ ነበርኩ። ገመዱን ለመፍታት ቢላዬን አወጣሁ።

ከዚያ ላይ አገሩ ሁሉ ይታያል። ኮረብታውን ስመለከት ዓይኔ ሳላዝዘው ሥራውን ሠራ፤ የምድጃ ሰው እንጨት ሲያይ በእሳት ነው የሚለካው። ይህ ጫካ ሲጫን የሁለት ወር እሳት ነው። ሁለት ወር! ከጫካው ሥር ምንጭ ይወጣል፣ ሴቶች ተራ ይዘው ይቀዳሉ፣ ከምንጩ በታች የመንደሩ ቤት ሁሉ ተሰልፏል። ዙሪያው የታረሰ ሜዳ ነው፤ ሌላ ጫካ በዓይኔ ፈልጌ አጣሁ። ከሁለት ወር በኋላስ? ከአርጆ ወዲያ ያለችው በደሌ። ከዚያስ? የጉደሯ ባልቴት በጣሳ ያመጣችልን ውሃ ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ አኩርፌ የተቀበልኩትን ነገር እዚያ ዛፍ ላይ ሆኜ አፈርኩበት። ከተማችን በአንድ ፎቅ ባደገች ቁጥር እኔ አንድ ከተማ ወደ ምዕራብ እየሄድኩ ምንጭ ሳደርቅ ኖሬያለሁ፤ ሥራዬ ይህ ነው። ማንም እንዲህ ብሎ አልነገረኝም ነበር።

«እህ! ንብ አለ ወይ?» ካድሬው ከቡናው ውስጥ ጮኸ።

ወደ ታች አየሁ። ሁሉም አንጋጠዋል፤ ኦቦ ጉተማ ብቻ ባርኔጣቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣

«አለ!» አልኩ። «ኧረ ሞልቷል!»

ውሸት ከጀመሩት አይቀር ብዬ ጉንጬን በጥፊ መታሁና «ወይኔ! ነደፈኝ!» ብዬ ጮህኩ። ካድሬው ደብተሩን ራሱ ላይ አድርጎ ሲሮጥ የተተኮሰ ሱሪው እሾህ ላይ ቀረ። ከመንገዱ ሆኖ ነው የጻፈው፤ «የተባለው ጫካ ሙሉ በሙሉ ንብ ያለበት ሆኖ ተገኝቷል።» እኔም ፈረምኩበት። በመንግሥት ወረቀት ላይ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነበር።

ስወርድ ኦቦ ጉተማ ጉንጬን ቀረብ ብለው አዩ። «የቱ ጋ ነው የነደፈህ?»

«እዚህ ጋ።»

«አላበጠም እኮ።»

«ያብጣል» አልኳቸው። ያን ጊዜ ነው የሳቁት፤ ሰዎቹም ሳቁ። ከሲሬ የተነሣው ወሬ ከእኛ ቀድሞ እንደገባ፣ በማግስቱም የነቀምት ነጋዴ እንደደገመው ነገሩኝ። አምስት ገበሬ ማኅበር ያለውን ትርፍ ቀፎ በትከሻ ተሸክሞ አመጣ። «ነቀምት ደብዳቤ ስትጠብቅ ባትውል አንደርስም ነበር» አሉኝ። ከተሰቀለው ሁሉ እውነተኛ ንብ ያለው ሌላ ቦታ ባሉ ሁለት ቀፎዎች ብቻ ነው። «ግራዋው እያበበ ነው፣ የቀረውም ይገባል» አሉ ኦቦ ጉተማ። «ቀፎ ሳይሰቀል ንብ አይመጣም።» ሲሸኙኝ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ጀባዱ» አሉኝ። በርታ ማለት ነው፤ ወዴት እንደምመለስ ያውቃሉ።

ስድስተኛውና ሰባተኛው ቀን

ጋሽ ታደሰ እስከ ነቀምት ሲያፏጭ ቆየ። ባዶ መኪና ይዞ መግባት ለሾፌር ሞት ነው። ነቀምት ላይ ከኋላ ከጫንነው በርሜል ናፍጣ ሲቀዳ ግን ቆም አለ። «እንዴ» አለ፣ «እንጨት ልናመጣ የምናቃጥለውን ለምድጃው ብንሰጠው ምን ነበረበት?» መልስ አልጠበቀም። ተኮሳትሮ መሪው ላይ ወጣ።

አቶ ሙደሲር ለመንገድ ዳቦና ማር ቋጠረልን። ባኮ ላይ እንደገና ራዲያተሩ ፈላ፣ ጌዶ ላይ እንደገና በረደን። በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የከተማዋ ጭስ ከሩቅ ታየኝ፤ በዚህ ጊዜ የእኔ የትኛው እንደሆነ አላመለከትኩም። ጋሽ ታደሰ ቤትህ ላውርድህ ሲለኝ ፋብሪካው አድርሰኝ አልኩት። ወሬውን ሌላ ሰው እንዲነግራቸው አልፈለግሁም።

ሴቶቹ ምድጃው ጥግ ተደርድረው ተቀምጠዋል። መኪናው ባዶ መሆኑን አይተዋል። እትዬ ሐዋ ብቻ ተነሣች።

«እንጨቱስ?»

«ዛፉ ሁሉ ላይ ቀፎ ተሰቅሎበታል፣ እትዬ። ንብ ያለበት አይቆረጥም ይላል ሕጉ።»

«ንቡ ነበረበት ታዲያ?»

ለካድሬው የዋሸሁት አፌ ለእሷ እምቢ አለኝ። እንጀራዋን ነው የወሰድኩባት፤ ቢያንስ እውነቱን ልስጣት። «አልነበረበትም። ወጥቼ አይቻለሁ። ባዶ ነው።»

«ምን አልካቸው?»

«አለበት አልኳቸው።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ምንጩን፣ ባልቴቷን፣ የሁለት ወሩን እሳት። ስጨርስ እትዬ ሐዋ ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቢሆንም የሠራሁትን አልመልሰውም ነበር።

«በኛ አገር ዛፉ ሲያልቅ» አለች ቀስ ብላ፣ «እንዲህ አርጎ የሚዋሽልን ሰው አጣን። ምንጩ ሄደ፣ ከብቱ ሄደ፣ እኛም ተከትለን ሄድን።» ከዚያ ድምፅዋ ጠነከረ። «አብሽር፣ ደግ ሠርተሃል። ግን ልጆቼ ደግነትህን አይበሉትም። እኔ ነገ የት ነው የምሠራ?»

«እሱን አላውቅም» አልኳት። «ነገ ጠዋት ግን ሥራ አስኪያጁ በር ላይ አብሬያችሁ እቆማለሁ። ለመኪናው የሚሰጠውን ናፍጣ ለምድጃው ይስጠን እላለሁ። እምቢ ካለም ከበሩ አልሄድም።»

እትዬ ሐዋ ነጠላዋን አራገፈችና ወገቧን ታጠቀች። ሴቶቹም አንድ ባንድ ተነሡ።

«ምነው ነገ?» አለችኝ። «ሰውየው አሁን ቢሮው ነው ያለ።»

ከነአቧራዬ ከፊት ሆንኩና በሩን አንኳኳሁ።